ሰመመን ላይ ቱቦ ማስገባት አስቸግሮ የነበረው አባቴና የሌሊት ማንኮራፋቱ

ጥያቄ
ውድ አባላት፣ የ58 ዓመት አባቴ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ተወስኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ቀዶ ጥገና ጊዜ የሰመመን ባለሙያው የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት እጅግ እንደተቸገረ በቃል ነግሮን ነበር፤ በጽሑፍ ግን ምንም አልሰጠንም። እናቴም ሌሊት በኃይል እንደሚያንኮራፋ፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ጸጥ ብሎ ቆይቶ እየታፈነ እንደሚባንን ትናገራለች። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉን?

መልስ፣ ከሰመመን ባለሙያ
እህቴ፣ በእርግጥ ይገናኛሉ። ወፍራም አንገት፣ ትልቅ ምላስ ወይም ወደ ኋላ የገባ አገጭ በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮን ያጠብባል፤ ይኸው አፈጣጠር እኛ በጭምብል አየር ስንሰጥም ሆነ ቱቦ ስናስገባ መንገዱን ይዘጋብናል። ልዩነቱ፣ ተኝቶ የታፈነን ሰው አንጎሉ ሲቀሰቅሰው፣ ሰመመን የወሰደ ሰው ግን ይህን መከላከያ ማጣቱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ የቶሮንቶ ጥናት፣ ቱቦ ማስገባት አስቸግሮባቸው ከቆዩ በኋላ የእንቅልፍ ምርመራ ካደረጉ 33 ታካሚዎች 22ቱ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ሕመም፣ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ያኔ የተነገራችሁ ነገር ራሱ ለምርመራ በቂ ምክንያት ነበር።

የዚህን ሕመም ሥጋት በሚገምተው፣ ስቶፕ ባንግ በሚባለው የስምንት ጥያቄዎች መጠይቅ አባትዎ በማንኮራፋቱ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ በመታየቱ፣ ከ50 ዓመት በላይ በመሆኑና በወንድነቱ ከወዲሁ 4 ነጥብ አለው። የቀን ድካም፣ የደም ግፊት፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የበለጠ የአንገት ዙሪያና ከፍተኛ ውፍረት ይቀራሉ። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሥጋቱ ከፍተኛ ነው።

መልስ፣ ከማገገሚያ ክፍል ነርስ
ብዙ ሰው የሚፈራው ቱቦው የሚገባበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ሌሊት ነው። ሞርፊንና ፔቲዲን የመሳሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ትንፋሽን ስለሚያደክሙ፣ ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ እንዲተኛና የኦክስጅን መለኪያው ከጣቱ እንዳይወልቅ አደራ እላለሁ። አስታማሚዎች ታካሚው ሲያንኮራፋ «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ከተቋረጠና ደረቱ እየታገለ አየር ካልገባ ግን ወዲያውኑ ቀስቅሳችሁ ነርስ ጥሩ።

መልስ፣ ከቨርጂኒያ
እኔ ስሊፕ አፕኒያ ስላለብኝ ሲፓፕ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ፣ እጠቀማለሁ። ለቀዶ ጥገና ስገባ መሣሪያውን ከነጭምብሉ ይዤ እንድመጣ ታዝዤ፣ ከሰመመን ከነቃሁ በኋላ አድርገውልኛል። አባትዎም መሣሪያ ከታዘዘለት ቤት ትቶት እንዳይሄድ።

ከጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልን። የአንገቱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተን 43 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ የግፊት መድኃኒትም ይወስዳል። የእንቅልፍ ምርመራ በቶሎ ባይገኝ ቀዶ ጥገናው ይዘግይ?

መልስ፣ ከሰመመን ባለሙያው
እንግዲያው ነጥቡ 6 ደርሷል። ምርመራው ስላልተገኘ ብቻ ማዘግየት የግድ አይደለም፤ ሕመሙ እንዳለበት ተቆጥሮ ጥንቃቄው ይደረጋል። ዋናው ነገር የሰመመን ባለሙያው በዕለቱ ጠዋት ሳይሆን ቀደም ብሎ እንዲያውቅ ነው፤ ያን ጊዜ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮን በካሜራ የሚያሳይ መሣሪያ) እና ልምድ ያለው ረዳት ያዘጋጃል፣ ቱቦውንም አባትዎ በደንብ ከነቃ በኋላ ያወጣል። የቀድሞውን የሰመመን መዝገብ ቅጂ ከሆስፒታሉ ጠይቁ። ከዚህኛው በኋላም ችግሩ ምን እንደነበር፣ በየትኛው መሣሪያና በስንተኛው ሙከራ እንደተሳካ በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከመታወቂያው ጋር አኑሩት።