አባቴን ፖቶማክ ወንዝ ላይ አምባዛ ለማጥመድ ልወስዳቸው አስቤያለሁ፤ ካፒቴን እንዴት ልምረጥ?

የቁንዝላው ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ዲሲ አጠገብ አሌክሳንድሪያ ነው። አባቴ ጥቅምት ላይ ከጣና ዳር፣ ከቁንዝላ መጥተዋል። 71 ዓመታቸው ነው። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ቴሌቪዥን ከፍተንላቸው፣ ቡናውን በፔርሙስ አስቀምጠንላቸው እንወጣለን፤ በቃ። አንድም ቀን አላማረሩም። ግን ሰው ሲከፋው ያስታውቃል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኪንግ ስትሪት መጨረሻ፣ ወንዙ ዳር ወሰድኳቸው። አርባ ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ቆመው ውሃውን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው "ይሄ ውሃ አምባዛ አለው?" አሉኝ። ከመጡ ጀምሮ ስለዚህ አገር ራሳቸው አንስተው የጠየቁኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ አጥማጅ ናቸው። በልጅነታቸው በታንኳ፣ በእኛ አቆጣጠር በ70ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ሲገባ ደግሞ በእሱ። እኛን አምስት ልጆች ያሳደጉን በቀረሶና በነጭ ዓሣ ነው።

ስፈልግ ጀልባም ዕቃም ራሳቸው ይዘው ሰው የሚያስጠምዱ ካፒቴኖች አገኘሁ። ለግማሽ ቀን 450 ዶላር የሚል አለ፣ 600 የሚልም አለ። ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ እንዳልሳሳት ፈራሁ። በዚህ ብርድ ለእሳቸው ዕድሜ ይሆናል ወይ? ካፒቴኑንስ ምን ብዬ ልጠይቀው? ደግሞ አባቴ አምባዛ አይበሉም። ቅርፊት የሌለው ስለሆነ። አገር ቤትም ሲይዙት ለነጋዴ ይሸጡታል እንጂ ቤት አያስገቡትም። ታዲያ የተያዘው ምን ይሆናል?

ናቲ ከአናንዴል፦

ብሮ፣ ለምን ያን ያህል ትከፍላለህ? እዚያው አሌክሳንድሪያ ጆንስ ፖይንት ፓርክ አለልህ። ከዊልሰን ድልድይ ሥር ነው፣ የማጥመጃ መድረክም ተሠርቶለታል። መግቢያ የለውም። ዘንግ ትገዛና ወንበር ይዘህ ትቀመጣለህ። ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ ወሰን እዚያ አካባቢ ስለሚገናኝ የየትኛው እንደሚሠራ ቀድመህ አጣራ።

የወንዝ ዳር ሰው፦

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ሆዴ ባባ። በዚህ መንገድ ሄጄበታለሁ።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከስድስት ዓመት በፊት እዚህ መጥተው ከረሙ። አስተማሪ ነበሩ። ብዙ ዘመን ጋምቤላ ስለሠሩ ዓሣ ማጥመድ የለመዱት ባሮ ላይ ነው። እኔም እንዳንተ ካፒቴን ቀጠርኩላቸው። አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፣ በሁለተኛው ተሳካልኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ልንገርህ።

የናቲ ምክር ደህና ነው፤ በኋላ እኛም ጆንስ ፖይንት ብዙ ቀን ተቀምጠናል። ለአባትህ ግን መጀመሪያ ጀልባው ይቅደምላቸው። ዕድሜያቸውን ውሃ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዳር ቆመው ማየቱን አይተውታል።

መጀመሪያ የቀጠርኩት ካፒቴን ክፉ ሰው አልነበረም። ዘንጎቹን፣ ስምንት ይሆናሉ፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ በተሠራላቸው መያዣ ሰካቸው። አንዱ ጎንበስ ሲል ዘሎ አነሳው። ክሩን አወጠረ፣ ዓሣው በደንብ መያዙን አረጋገጠ፣ ከዚያ ዘንጉን ለአባቴ ሰጣቸው። አባቴ ተቀበሉ። ትንሽ ያዙና መልሰው ሰጡት። "ዓሣው የእሱ ነው" አሉኝ። ያን ቀን ስድስት ዓሣ ወጣ። አባቴ አንዱንም የእኔ ነው አላሉም። ፎቶ ላይ እንኳ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነው የቆሙት።

ስለዚህ ከዋጋውም ከጀልባውም በፊት ካፒቴኑን ይህን ጠይቀው፦ ዓሣ ሲነክስ ዘንጉን የሚያነሳው ማነው? ለሁለተኛው ካፒቴን ቀድሜ ጻፍኩለት። "አባቴ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሥጋውን መንጠቆው ላይ ራሳቸው ይሰኩ፣ ዘንጉንም ራሳቸው ያንሱ። ቢያመልጣቸውም ያምልጣቸው። አንዴ አሳያቸውና ተዋቸው" አልኩት። ሰውየው ወዲያው ደወለልኝ። የእሱም አባት ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ነገረኝና ተግባባን።

አንድ ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ አሳያቸው። እዚህ ለአምባዛ የሚጠቀሙበት መንጠቆ ክብ ነው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እኛ የለመድነው ዓሣው ሲነካ እጅን ነጠቅ አድርጎ መሳብ ነው። በዚህኛው ከነጠቅክ ከአፉ ይወጣል። ዝም ነው ማለት። ዓሣው ጎርሶ ሲዞር መንጠቆው ራሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይሰካል። ዘንጉ ጎብጦ ሲቀር ያን ጊዜ መጠቅለል ትጀምራለህ። አባቴ ነጥቀው ሁለት አመለጣቸው። ማንም አልተናገራቸውም። ሦስተኛው ሲመጣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዘንጉን እያዩ ጠበቁ። ያ ዓሣ 24 ፓውንድ ነበር፣ ወደ 11 ኪሎ። ከመረቡ ሲወጣ መጀመሪያ ያደረጉት ጢሙን መቁጠር ነው። ስምንት። "እንደ አገራችን ነው" አሉ። ጅራቱ ግን እንደ መቀስ የተከፈለ ነው፤ የእኛው ክብ ነው። የአገራችን አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ እርጥብ ሣር ላይ ብታስቀምጠው ብዙ ሰዓት ይቆያል። ይሄኛው ያን አይችልም። ለመልቀቅ ካሰባችሁ ፎቶውን ቶሎ አንሱ።

ሌላው ትልቁ ነገር ውሃው ነው። ፖቶማክ እዚህ ጋ ሲደርስ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከዲሲ በላይ እስከ ሊትል ፎልስ ድረስ። እኛ ከዊልሰን ድልድይ ዝቅ ብለን መልህቅ ጥለን ነበር። የሆነ ሰዓት ላይ ጀልባው ቀስ ብሎ ዞረና ፊቱን ወደ ታች አደረገ። አባቴ ቆመው አንድ ቅጠል ሲንሳፈፍ ተከታተሉ። "ወንዙ ወደ ላይ ሄደ" አሉ። ባሮም ዓባይም እንዲህ አያደርግም። ካፒቴኑን እንድጠይቅላቸው የፈለጉት ብዛቱ! ስንት ሰዓት ይቆያል? ጨረቃ ትለውጠዋለች? ዓሣው የሚነክሰው ሲሞላ ነው ሲጎድል? እኔ ሳስተረጉም ዋልኩ። መልሱ አጭር ነው፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ ይነክሳል፣ ሲቆም ይቆማል። ስለዚህ ሰዓቱን ለአንተ ሥራ እንዲመች አትቁረጠው። ካፒቴኑ በውሃው ይቁረጥ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ለትልልቁ ዓሣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በግማሽ ቀን ጀምሩ። ሁለት ካልሲ፣ የበረዶ ሱሪ፣ ጆሮ የሚሸፍን ባርኔጣ። ጋቢውን ከላይ ይልበሱት፤ ላይፍ ጃኬቱ ግን ከጋቢው ሥር ሳይሆን ከላዩ ይሁን። ነፋስ ካለና ካፒቴኑ ከሰረዘ አትከራከር። አባትህ ጣና ከሰዓት በኋላ ሲናወጥ ያዩ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ይረዱታል። ካፒቴኑ የኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው፣ ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ። የማጥመድ ፈቃዱንም በየትኛው ውሃ እንደምትሆኑና ለእናንተ የሚያስፈልግ መሆኑን እሱ ይንገርህ። ጉርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያዝ።

ይሄ ዓሣ ደግሞ እዚህ እንግዳ ነው። ፈረንጆቹ ሰማያዊ አምባዛ ይሉታል። አገሩ ሚሲሲፒና ወደዚያ የሚገቡት ወንዞች ናቸው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰው ለመዝናኛ እንዲያጠምደው ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። አሁን ተባዝቶ ሸርጣኑንም ትንንሹንም ዓሣ እየበላ አስቸግሯል። ሜሪላንድ ላይ ይህን ያህል ብቻ ያዝ የሚል ገደብ የለበትም። ለአባትህ ይህን ንገራቸው፦ በፈረንጆቹ 2011 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ኬር ሐይቅ ላይ 143 ፓውንድ የሚመዝን ተይዟል። 65 ኪሎ ማለት ነው። የዓለም ክብረ ወሰን እሱ ነው።

ሲስተር ሜ፦

የወንዝ ዳር ሰው ደህና አድርጎ ነግሮሃል። እኔ ስለ መብላቱ ብቻ ልጨምር፤ ነርስ ነኝ፣ ብዙ ወገን ሳያውቅ ስለሚበላው። ፖቶማክ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል የፋብሪካ ኬሚካል ዝቃጩ ላይ ቀርቷል። ዓሣው ስቡ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ትልቅና ያረጀ ዓሣ የበለጠ አለው። ስለዚህ ለመብላት ትንሹን ምረጡ። ቆዳውን ግፈፉ፣ ስቡንና በጎኑ ያለውን ቀይ ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ። ስቡ እንዲንጠባጠብ በፍርግርግ ላይ ቢጠበስ ይሻላል። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል በየዓሣው ዓይነት ያወጡት ዝርዝር አለ። ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት እሱን እዩ።

የቁንዝላው ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ለአባቴ አነበብኩላቸው። "ወንዙ ወደ ላይ ሄደ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ዓሣው እንግዳ ነው፣ ሌላውን ይጨርሳል፣ ይገደል ይላሉ ብዬ ነገርኳቸው። "የማልበላውን፣ የማልሸጠውን ነገር ገድዬ አልጥልም" አሉ። ምን ላድርግ?

የወንዝ ዳር ሰው፦

ልክ ናቸው። እንዲጥሉ የሚያስገድዳቸውም የለም። ክልክል የሆነው በሕይወት ይዞ ሄዶ ሌላ ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። ግን ከመውጣታችሁ በፊት የሚበላ ሰው ፈልጉ። እኛ ሕንጻ ላይ አንድ የሴራሊዮን ቤተሰብ አለ፤ አባቴ የያዙትን ትንንሹን በበረዶ አድርገን ለእነሱ ሰጠን። ሴትዮዋ በማግስቱ ሩዝ በሰሃን ይዘው መጡ። አባቴ እንግሊዝኛ ይችሉ ስለነበር ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቡና ይጋበዙ ነበር። ትልልቁን ልቀቁት፣ ለመብላትም አይሆንም።

የቁንዝላው ልጅ፦

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ቅዳሜ ሄድን። ሦስት ካፒቴኖችን ያንኑ ጥያቄ፣ ዘንጉን የሚያነሳው ማነው የሚለውን፣ ጠየቅኩ። ከሦስቱ ሁለቱ "አይጨነቁ፣ ሁሉን እኔ አደርግላቸዋለሁ" አሉኝ። ሦስተኛው "እሳቸው ናቸው የሚያነሱት" አለ። እሱን ያዝኩ።

ፎርት ዋሽንግተን ፊት ለፊት ነበርን። አባቴ ዓሣውን ለመንጠቆ ሲቆራርጡ ካፒቴኑ ቢላዋውን ተወላቸው፤ እጃቸው ከእሱ ይፈጥናል። ለሁለት ሰዓት ምንም አልነከሰም። እኔ ተጨነቅኩ፣ እሳቸው ግን አልተጨነቁም። ከዚያ ውሃው መንቀሳቀስ ጀመረ። አራት ያዙ። አንዱ 31 ፓውንድ። ሲነሳ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፣ ልይዛቸው ስል በክርናቸው ገፉኝ።

ትልቁን ለቀቁት። ሦስቱን ከታች ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወሰዱ። ጀልባው ላይ እያለን ቁንዝላ ደውለው ወንድማቸውን በቪዲዮ አሳዩት። እሱ ዓሣውን አላየም፣ "ጀልባው ሞተሩ ስንት ፈረስ ነው?" ነው ያለው።

አሁን ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ የውሃው ሰዓት ሆኗል። ሙላትና ጉድለቱን ስልካቸው ላይ አውርጄላቸው ማቀዝቀዣው ላይ በአማርኛ ጽፈው ለጥፈውታል። አንድ ጥያቄ ግን አላቸው፦ ቅርፊት ያለው፣ ራሳቸው ይዘው የሚበሉት ዓሣ የለም ወይ? እስከ ግንቦት እዚሁ ናቸው።

የወንዝ ዳር ሰው፦

አለ እንጂ! ዋይት ፐርች። ትንሽ ናት፣ ቅርፊት አላት፣ ጣፋጭ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ለመራባት ወደ ላይ ትወጣለች። ዲሲ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ ከዳር ቆሞ ይያዛል። የዲሲ ፈቃድ አውጡ፣ ሲስተር ሜ ያለችውን ዝርዝርም እዩ። ቀጭን ዘንግ ይበቃል፤ የአባቴ ዘንግ ቤት አለ፣ መጥተህ ውሰደው።