ከአሜሪካ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ዩዝድ ልግዛ? (15.6 ኢንች ለጌም)

ናቲ_4ኪሎ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አክስቴ በጥር ከሜሪላንድ ትመጣለች፣ ላፕቶፕ ይዤልህ ልምጣ ብላኛለች፣ ከ900 ዶላር እንዳያልፍ። አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ፣ ግቢ በታክሲ ነው ይዤው የምመላለሰው ስለዚህ 17 ኢንቹ ይከብደኛል፣ ማታ ማታ ደሞ ጂቲኤ 5 እና ቫሎራንት እጫወታለሁ። ቦሌ አንድ ሱቅ አርቲኤክስ 3050 (የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ) ያለው ዩዝድ ላፕቶፕ አይቻለሁ፣ ዋጋው ይቀንሳል። የቱ ይሻለኛል? ለአክስቴስ ምን ብዬ ልላክላት?

ፍሬምሬት፦
ወንድሜ የሚያመጣልህ ሰው ካለህማ አርቲኤክስ 4050 ያለውን አስመጣ። 3050 አብዛኛው 4 ጂቢ ቪራም (የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ) ነው ያለው፣ 4050 ላይ 6 ጂቢ ታገኛለህ፣ ለሬንደርህም ይጠቅምሃል። ግን "4050 ያለው" ብለህ ብቻ እንዳትልክላት! የላፕቶፕ 4050 ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ አለ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ በጣም ይለያያል፣ ቀጫጭኖቹ ላይ ሙቀቱን ማውጣት ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ ዋቱን ዝቅ ያደርጉታል፣ ሻጩ ደሞ ይሄን አይነግርህም። ሌኖቮ ሎክ፣ አሱስ ታፍ፣ ኤችፒ ቪክተስ እያቸው፣ ግን ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዘህ የጂፒዩውን (የግራፊክስ ካርዱን) ዋት ራስህ አጣራና ያንኑ ቁጥር ላክላት። ራሙ 16 ይሁን፣ ባለ ሁለት ስቲክ (8 እና 8) ከሆነ ከነጠላው ይፈጥናል።

ሀብ_ቴክ፦
ዩዝድም እኮ ካወቅክበት ይገዛል። ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ሰክተህ ከባድ ጌም 20 ደቂቃ አጫውተው፣ እጅህን ኪቦርዱ መሀል ላይ አድርግ፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄዶ በኋላ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) ከወረደ ሙቀት አለበት ማለት ነው፣ ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ወይ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብትከፍት ማክሲመም ግራፊክስ ፓወሩን በዋት ይነግርሃል። ባዮስም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ግባና በፓስወርድ የተቆለፈ ከሆነ ተወው። ይሄን ሁሉ አላስነካም የሚል ሻጭ ጋር ብር አታውጣ።

ቲጂ_ሜሪላንድ፦
ናቲዬ፣ እዚህ ሱቅ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ታክስ የለበትም፣ ሜሪላንድ 6 ፐርሰንት ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ከ849 በላይ ያለውን አትምረጥ፣ 900ዋ እዛ ላይ ትሞላለች። በጥር ከመጣች ደሞ ኖቬምበር መጨረሻ ብላክ ፍራይደይ ላይ ትግዛልህ፣ ያን ጊዜ የጌም ላፕቶፕ ደህና ይቀንሳል። በእጅ ሻንጣ ትያዘው፣ ባትሪ ስላለው ለካርጎ ባትሰጠው ይሻላል። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ አዲስ አበባ ያለምንም ትራንስፎርመር ይሰራል፣ ከግድግዳው የሚሰካውን ገመድ ብቻ ክብ እግር ባለው ትቀይረዋለህ።

ናቲ_4ኪሎ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ በቃ አስመጣለሁ። መብራት ሲጠፋስ በባትሪ መጫወት ይቻላል? የእኛ ሰፈር ማታ ይጠፋል።

ፍሬምሬት፦
ይበራልሃል እንጂ ያው አይሆንም። ከቻርጀር ስትነቅለው ጂፒዩው ኃይሉን በጣም ይቀንሳል፣ ባትሪውም በጌም አንድ ሰዓት አካባቢ ቢሄድልህ ነው። በታይፕ ሲ ፓወር ባንክ እየሞላሁ እጫወታለሁ ብለህም አታስብ፣ የነዚህ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 170 ዋትና ከዛ በላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሃይብሪድ ሞድ (ለቀላል ስራ ትልቁን ግራፊክስ ካርድ የሚያሳርፈው) ላይ አድርገው ስዕልህን ስራ፣ ለአውቶካድ እሱ ይበቃል። ሞዴል ስትመርጥ እዚህ ለጥፈው፣ ዋቱን አብረን እናያለን።