አውቶማቲክ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አውጥተን ማንዋል አስገባን፤ አሁን ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) አልዞር አለ

ማሾ ጫኝ፦ ወንድሞች ድረሱልኝ! ደብረ ሲና ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ፒክአፑ አውቶማቲክ ነበር፤ ጭኜ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ፣ ሲሞቅ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። የማንዋል ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሚያለያየው) ገዝቼ አስገጠምኩ። ዛሬ ጨረስን ብለን ቁልፍ ስናዞር ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን ድምፅ እንኳ የለውም። ነገ ማለዳ ሸዋ ሮቢት ማሾ እጭናለሁ። ምን ይሻላል?

የጫጫው፦ ባትሪ ነው። ቀይረው።

ጋሼ መፍቻ፦ ልጄ፣ አውቶማቲኩ ለምን ወጣ? ዘይቱን አይታችሁታል? ሮዝ ወተት መስሎ ከነበረ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ደግሞ ሙቀት ነው የበላው። ጭነት ይዞ ዳገቱን በዲ (በመደበኛው መንጃ) ብቻ የሚወጣ ሰው ዘይቱን ያበስለዋል። ወደ 2 ወይም ወደ ኤል፣ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ ማውረድ ነበር። ሰው ሳይመረምር ይፈታል፤ ያሳዝነኛል።

ማሾ ጫኝ፦ ጋሼ፣ ጠቁሮ ይሸት ነበር፤ ልክ ነዎት። ግን አሁን መሬት ላይ ተዘርግቷል። ባትሪው ደህና ነው፣ ጡሩምባው ይጮኻል።

የጫጫው፦ ጡሩምባ መጮኹ ምንም ማለት አይደለም። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ አገናኝታችሁ ሞክሩት።

መንዜው፦ አሁን ማንዋል አይደል? ገፍታችሁ በ2ኛ ማርሽ አስነሱት። ደብረ ሲና ላይ ቁልቁለት መች ጠፋ! 😄

ሽቦ አዋቂ፦ ባትሪውን ተዉት። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ (ማቆሚያ) ወይም ኤን (ነፃ) ላይ ካልሆነ አይነሳም። ያንን የሚያሳውቀው ማብሪያ ካምቢዮው ጎን ላይ ነበር፤ አብሮ ወጣ። ሶኬቱ ከስር ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄዱት ሁለቱ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ ወፈር ያሉት ናቸው፤ በመፈተሻ አምፖል አረጋግጡ። ሁሉንም አንድ ላይ እንዳታስሩ! የኋላ ማርሽ መብራትም እዚያው ነው ያለው። ሁለቱን ዝም ብላችሁ ካገናኛችሁ ይነሳል፤ ግን ማርሽ ውስጥ እያለ ቁልፍ የነካ ልጅ መኪናውን ሰው ላይ ሊነዳው ይችላል። በፍሪሲዮን ፔዳሉ ማብሪያ በኩል አሳልፉት፣ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ እንዳይነሳ። መኪናው ሒሉክስ ነው ወይስ ሌላ? ሞተሩስ?

የመሐል ሜዳ ሹፌር፦ እሱ ያለው ልክ ነው። እኔ ሌላ ልጨምር። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ የካምቢዮውን ምላስ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን ዘንግ) የምትይዝ ትንሽ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) አለች። አውቶማቲክ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ አትኖርም። የእኔ መካኒክ ረስቷት ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ እየተንጫረረ አልገባ አለኝ። አውራ ጣት ለምታክል ነገር ካምቢዮው ሁለት ጊዜ ወረደ። ቮላኖውንስ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት) በአውቶማቲኩ ብሎን ነው ያሰራችሁት? እሱ አጭር ነው፤ ረጅሙን ፈልጉ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ አይጠፋም።

ጋሼ መፍቻ፦ ትራስሚሲዮኑስ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ) ልኩ ተስተካከለ? የሁለቱ ካምቢዮ ርዝመት እኩል ላይሆን ይችላል።

ማሾ ጫኝ፦ ሶኬቱ ተንጠልጥሎ አገኘነው!! ኤሌክትሪሺያኑ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። ትንሿን ኩሽኔታ መካኒኩን ስጠይቀው ዝም አለ።

የመሐል ሜዳ ሹፌር፦ ዝም ካለ የለችም። እንዳትጭን። ከጣርማ በር ማዶ ሸዋ ሮቢት ድረስ ቁልቁለት ነው፣ ፍሪሲዮን እምቢ ሲልህ የምትቆምበት ሜዳ የለም።

የጫጫው፦ ባትሪውን ግን ለኩት።

ሽቦ አዋቂ፦ ወንድሜ፣ ተነሳ? የሽቦዎቹን ቀለም ጻፍልኝ እስቲ።

ሽቦ አዋቂ፦ ?