ኮሶ፣ ወስፋትና የምድር ትል ለምን በአንድ ምድብ አይቀመጡም?

የባዮሎጂ መምህር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በገጠር ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ኢ-ደንደሴ እንስሳት ስንማር ተማሪዎቼ ሸረሪትን ከነፍሳት በእግሮቿ ብዛት፣ ቀንድ አውጣን በዛጎሉ ያለ ችግር ይለያሉ። ትሎች ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በቋንቋችን «ትል» የሚለው ቃል ኮሶንም፣ ወስፋትንም፣ የምድር ትልንም፣ ሥጋ ላይ የሚፈላውን የዝንብ እጭና ተምችንም ስለሚጠራ፣ መጽሐፉ «ጠፍጣፋ፣ ድቡልቡል፣ ቀለበታማ» ብሎ ሲከፍላቸው ልጆቹ ስሙን ይሸመድዱታል እንጂ ልዩነቱን አያዩትም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ኮሶም እኮ የተቆራረጠ ነው፤ ታዲያ ለምን ቀለበታማ አልተባለም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋትም። ያለ ማይክሮስኮፕ የሚለዩበትን መንገድ የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ

ተማሪዎ የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው። ኮሶ ብዙ ሜትር የሚረዝም ጥብጣብ መሰል ጠፍጣፋ ትል ሲሆን፣ ቁራጮቹ ከአንገቱ ሥር እየተፈጠሩ ወደ ኋላ ይገፋሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ የወንድና የሴት መራቢያ አካል አለው፤ ሲበስል በእንቁላል ይሞላና ተበጥሶ ይወጣል። «ኮሶ ታየኝ» ብለው ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች የሚያዩት ይህንኑ ነጭና ጠፍጣፋ፣ ከወጣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ነው። የምድር ትል ቀለበቶች ግን ተበጥሰው ለመውጣት የተሠሩ አይደሉም፤ አንድ አንጀት፣ አንድ የነርቭ ገመድና የደም ሥሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፉባቸው የአንድ ገላ ክፍሎች ናቸው። ኮሶ አፍም አንጀትም የለውም፤ በሰው አንጀት ውስጥ የተፈጨውን ምግብ በገላው ይመጠዋል።

ወስፋት በቁመቱ የምድር ትልን ስለሚመስል ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል፤ ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ገላው ግን ለስላሳና ቀለበት አልባ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ሾጠጥ ይላሉ፤ የወንዱ ጅራት ደግሞ ይቆለመማል። ጡንቻዎቹ የተዘረጉት በቁመት ብቻ በመሆኑ ይጠማዘዛል እንጂ እንደ ምድር ትል እያጠረና እየረዘመ አይሄድም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ከላይ በተጻፈው ላይ አንድ ለክፍል የሚሆን ሙከራ ልጨምር። የምድር ትሉን በውኃ አጥባችሁ ሸካራ ወረቀት ላይ አስቀምጡትና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ ሲሳብ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የሚመጣው በየቀለበቱ ካሉት ጥቃቅን ሻካራ ፀጉሮች ነው። አልቅትም የዚሁ ወገን መሆኑን ልጆቹ ቢያውቁ መልካም ነው፤ ከብቶች ምንጭ ሲጠጡ አፍና አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚጣበቅ የአርሶ አደር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ፀጉር የለውም፤ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት መጣበቂያዎች እየተቀያየረ ይራመዳል።

የግብርና ባለሙያ

ተምችን ከትሎቹ ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል። ገልብጣችሁ ብታዩት ከራሱ አጠገብ ሦስት ጥንድ ባለ አንጓ እግሮች፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ አምስት ጥንድ ሥጋማ እግሮች አሉት። ስድስቱ ባለ አንጓ እግሮች የነፍሳት ምልክት ናቸው፤ ሲያድግም የእሳት እራት ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን መጤ ተምች እኛ የምንለየው ግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ «ዋይ» የተባለውን የላቲን ፊደል በሚመስል ነጣ ያለ መስመርና ወደ ጅራቱ አካባቢ በካሬ ቅርፅ በተቀመጡ አራት ነጠብጣቦች ነው። የዝንብ እጭ ይበልጥ ያሳስታል፤ እግር የለውም። አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ማሰሮ ውስጥ ከሥጋ ቁራጭ ጋር ቢቀመጥ ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ዝንብ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ልጆቹ በዓይናቸው አይተው ያምናሉ።

የባዮሎጂ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወረቀቱን ሙከራ ዛሬ ሠራነው፤ አርባ ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዳምጡ ማየት አስደሰተኝ። አንድ ልጅ ከጎመን መደብ ዛጎል የሌለው፣ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ የሚተው እንስሳ አምጥቶ «ይህስ ከየትኛው ትል ነው?» አለኝ።

የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ

ራሱን ተመልከቱት። ወጣ ገባ የሚሉ ቀንዶች ካሉትና ዓይኖቹ በረጃጅሞቹ ጫፍ ላይ ከተቀመጡ፣ ከሆዱ ሥርም ሰፊ የጡንቻ እግር ካለው፣ ዛጎሉን ያጣ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው።