የልጆች ሊግ ኢንሹራንስ፦ ርካሹን ኦንላይን ልግዛ ወይስ ደውዬ ሰው የማገኝበትን?

ሊግ_አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ የታዳጊዎች ሊግ አስተባባሪ ሆኜ የጀመርኩት በዚህ ሲዝን ነው፣ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ አለን፣ ልጆቹ ከ7 እስከ 15 ዓመት ናቸው፣ አሰልጣኞቹ ደሞ በሙሉ በጎ ፈቃደኞች። ሜዳውን የሚያከራዩን ሰዎች የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ካላመጣችሁ አትገቡም ስላሉን እያፈላለግኩ ነው። ሁለት አማራጭ አግኝቻለሁ። አንዱ ኦንላይን ፎርም ሞልተህ ከፍለህ ወዲያው በኢሜይል የሚላክልህ ነው፣ ዋጋው ጥሩ ነው ግን ጥያቄ ሲኖርህ የሚያናግርህ ሰው የለም። ሁለተኛው በብሮከር (ከኢንሹራንስ ድርጅት ጋር በሚያገናኝ ደላላ) በኩል ነው፣ ሴትዮዋ ራሷ ደውላ ስንት ቡድን እንዳለን፣ የት የት እንደምንጫወት፣ ልጆቹን ማን እንደሚያመላልስ ሁሉ ጠየቀችኝ፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ኮሚቴው ርካሹን ገዝተህ ሰርተፍኬቱን ስጣቸውና እንገላገል እያለኝ ነው፣ እኔ ልቤ አልተቀበለውም፣ የሰው ልጅ ነው እኮ ተረክበን የምናጫውተው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መድን_ቤት፦
ወንድሜ ዋጋውን ለጊዜው ተወውና የሁለቱንም ሙሉ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉን፣ አስልከህ "የማይሸፈኑ" የሚለውን ክፍል አንብብ። እዚህ ስራ ላይ ስላለሁ በደንብ የማውቀው ነገር ነው፣ ብዙ መደበኛ የኃላፊነት ኢንሹራንሶች ውስጥ ተጫዋቹ ራሱ በጨዋታ ወይ በልምምድ ላይ ቢጎዳ አይሸፈንም የሚል አንቀፅ አለ። ማለትም ኳሷ ወጥታ ተመልካች ብትመታ ይከፍላል፣ ልጁ ተሰብሮ ቤተሰቡ ሊጉን ቢከስ ግን አያገባኝም ይልሃል። ለልጆች ሊግ ይሄ ከሆነ ምኑን ገዛኸው? ሰርተፍኬቱ ላይ ደሞ ይሄ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ እሱ የሚያሳየው ፖሊሲው መኖሩን፣ የሚያበቃበትን ቀንና የክፍያውን ጣሪያ ነው በቃ። ስለዚህ የሜዳው ባለቤት ደስ አለው ማለት ልጆቹ ተሸፈኑ ማለት አይደለም።

ሌላው፣ ሁለት የተለያዩ ሽፋኖች ናቸው የሚያስፈልጉህ። የኃላፊነቱ ሊጉ አጥፍቷል ተብሎ ሲከሰስ የጠበቃውንም የካሳውንም የሚይዝ ነው። የአደጋ ህክምና የሚባለው ደሞ ማን አጠፋ ሳይባል የልጁን የህክምና ወጪ የሚከፍል ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ነው የሚሸፍነው። ቤተሰቡ ከራሱ ኪስ መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ጠይቅ፣ እሱ ከፍተኛ ከሆነ ለትናንሽ ጉዳት ምንም አይጠቅማቸውም። የጤና ኢንሹራንስ የሌለው ቤተሰብ ካለማ የበለጠ ተጠንቅቀህ ጠይቅ።

የቡድን_እናት፦
እኔ ስለ አገልግሎቱ ልናገር። በኛ ሊግ አንድ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፣ ያኔ ብሮከራችን እናትየዋ ጋር ራሱ ደውሎ የቱን ፎርም ማን እንደሚሞላ፣ ሐኪሙ የቱ ጋር እንደሚፈርም፣ የትኛውን ደረሰኝ መያዝ እንዳለባት አንድ በአንድ አስረዳት። ልጇ ታሞባት የቆመች እናት ፖሊሲ ቁጥር ፍለጋ ዌብሳይት ስታገላብጥ ማየት ያሳዝናል፣ ስለዚህ ለኔ ልዩነቱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ከመግዛትህ በፊት ሁለቱንም ፈትናቸው። "ቅዳሜ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ሰኞ ጠዋት የት ደውዬ ማንን ነው የማገኘው?" ብለህ ጠይቅ፣ የሰው ስም ካልሰጡህ መልሱን አግኝተሃል። ደሞ ሰርተፍኬት በስንት ሰዓት ውስጥ ያደርሳሉ? ውድድር ሊጀመር ሲል ሌላ ሜዳ ትከራይና ባለቤቱ የኔም ስም በፖሊሲው ተጨማሪ መድን ገቢ (ፖሊሲው የሚሸፍነው ሰው) ተብሎ ይግባልኝ ይላል፣ ያን ቀን ስልክ የሚያነሳ ሰው ከሌለ ልጆቹ ማሊያ ለብሰው ውጭ ይቀራሉ።

የሊግ_ሒሳብ፦
ከላይ ያሉት በደንብ ብለውታል፣ እኔ ኮሚቴዎች የሚረሱትን ልጨምር። በጎ ፈቃደኞቹ በፖሊሲው ውስጥ መድን ገቢ ተብለው መካተታቸውን እይ፣ አሰልጣኙ በግሉ ከተከሰሰ ብቻውን እንዳይቀር። ልጆችን በግል መኪና የሚያመላልስ ካለ የሊጉ ኃላፊነት ኢንሹራንስ በአብዛኛው የመኪና አደጋን አይነካም፣ ለብቻው ነው የሚገዛው።

ከሁሉም በላይ ግን በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት ጠይቅ። ማንም ማንሳት አይፈልግም፣ አውቃለሁ፣ ግን ብዙ ፖሊሲ ላይ ወይ ጭራሽ የለም ወይ ጣሪያው ዝቅ ተደርጓል። ጥሩ ብሮከር አሰልጣኞቹን እንዴት ነው የምታጣሩት፣ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ደንብ አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። ያቺ ሴትዮ ብዙ መጠየቋ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሊግ_አስተባባሪ፦
በጣም ነው የማመሰግነው። አንድ ጥያቄ፣ ኮሚቴው ወላጆች ተጠያቂ አናደርግም ብለው ከፈረሙ ምን ችግር አለው እያለ ነው። እውነት ነው?

መድን_ቤት፦
ማስፈረሙን አስፈርም፣ ወላጅ አደጋ ሊኖር እንደሚችል አውቆ መግባቱን ያሳያል፣ ብዙ ኢንሹራንሶችም ይጠይቁታል። ግን እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፣ በብዙ ቦታ ወላጅ ፈርሞ የልጁን የራሱን የመክሰስ መብት ማስቀረት አይችልም፣ የይርጋው ጊዜ (ክስ ለማቅረብ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ) መቁጠር የሚጀምረውም ልጁ አካለ መጠን ሲደርስ የሆነበት ብዙ አገር አለ። ዛሬ በ9 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ከዓመታት በኋላ ሊከስ ይችላል ማለት ነው፣ ያኔ ኮሚቴው በሙሉ ተቀይሯል። ስለዚህ የየዓመቱን ፖሊሲና የአደጋ ሪፖርት አትጣሉ። ፖሊሲው አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው የሚያየው ወይስ ክሱ የቀረበበትን? ይሄን በጽሁፍ ጠይቃት፣ ለልጆች የመጀመሪያው ነው የሚሻለው።

የቡድን_እናት፦
እና ደሞ ሽፋኑ ከመጀመሪያው ግጥሚያ ሳይሆን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን እንዲጀምር አድርግ፣ ሙከራ ላይ መጥተው ገና ያልተመዘገቡት ልጆችም ይካተቱ እንደሆነ ጠይቃት።