በፓይተን የማነበው የፋይል ማሻሻያ ጊዜ በ3 ሰዓት ይዛነፋል

ዊንዶውስ ባለው የቢሮ ኮምፒውተርና ሊኑክስ ባለው የቤቴ ኮምፒውተር መካከል ፋት32 በተባለው የፋይል አደረጃጀት በተዘጋጀ ፍላሽ ከማመላልሳቸው ፋይሎች የተለወጡትን ብቻ እየለየ የሚገለብጥ አጭር የፓይተን ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ጊዜውን የማነበው ጌትኤምታይም በተባለው የፓይተን ተግባር ሲሆን፣ ኮፒ የተባለው የሹቲል (የፓይተን ፋይል መገልበጫ ሞጁል) ተግባር የማሻሻያ ጊዜውን ስለማይጠብቅ በኮፒ2 ተክቼዋለሁ። ፋት32 ጊዜውን የሚመዘግበው በ2 ሰከንድ እርከን በመሆኑም እስከ 2 ሰከንድ ያለውን ልዩነት ችላ እንዲል አድርጌያለሁ።

ያም ሆኖ ቢሮ 14:15 ላይ (በእኛ አቆጣጠር 8:15 መሆኑ ነው) ያስቀመጥሁት የደመወዝ ሰንጠረዥ ቤት ሲነበብ 17:15 ይላል። ልዩነቱ ምንጊዜም 10800 ሰከንድ ነው፤ አዲስ አበባ ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የምትቀድምበት 3 ሰዓት ማለት ነው። የሁለቱም ኮምፒውተሮች የሰዓት ቀጠና ትክክል ነው። ፋት32 የአካባቢን ሰዓት ያለ ቀጠና እንደሚመዘግብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን 3 ሰዓቱን በጭፍን ብቀንስ የሌሎች ዲስኮች ፋይሎች ይዛነፉብኛል። አንድ ፋይል ያለው ፋት32 ላይ መሆኑን በፓይተን መደበኛ ላይብረሪ ብቻ እንዴት መለየት እችላለሁ?