ክርክር፦ ሰንበት ትምህርት ቤት «በራስ መተማመን» ያስተምር?

አወያይ፦ ለወጣቶች «በራስ መተማመን» የሚል ሥልጠና ይሰጥ የሚሉ አሉ፤ ትዕቢት ማስተማር ነው የሚሉም አሉ። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ። ስድብ ይሰረዛል።

ጋሼ ከፒያሳ፦ አይሰጥ ባይ ነኝ። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2 የመጨረሻውን ዘመን ክፋት ሲዘረዝር «ራሳቸውን የሚወዱ» ብሎ ነው የጀመረው። በሉቃስ 18 ምሳሌ ያለው ቀራጭም ደረቱን እየደቃ «እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ እንጂ «እችላለሁ» አላለም። ጸድቆ ቤቱ የገባው እሱ ነው። በየሆቴሉ አዳራሽ የሚነገረውን የ«ትችላለህ» ንግግር ጥቅስ ለጥፈንበት ቤተ ክርስቲያን እናስገባው?

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቀራጩ ደረቱን የደቃው በሠራው ነው፤ በመፈጠሩ አይደለም። እኔ በማገለግልበት «መዝሙር ምሪ» ስትባል «እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ የምትደበቅ አለች። ባሏ ሲመታት «መስቀሌ ነው» ብላ የምትሸከም አለች። ይህን ሁሉ ትሕትና እያልን ስናሞግስ ኖረናል! በእግዚአብሔር መልክ ከተፈጠረው ሰው ውስጥ እነሱ የሉበትም? ክርስቶስ የሞተላትን ነፍስ «የማትረባ» ማለት ድፍረት ነው።

ጋሼ ከፒያሳ፦ ልጄ፣ የተመታችውን ማስጣል ግዴታችን ነው፣ በዚህ አንጣላም። እኔ የምፈራው ሰው ዋጋውን ከራሱ መፈለግ ሲጀምር ንስሐ እንዳይከብደው ነው።

ዲያቆኑ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ራስን መናቅ አይደለም። ዮሐንስ 13ን ተመልከቱ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ «አውቆ» ነው። በጸሎተ ሐሙስ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ሄዳችሁ እዩ፤ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ክብራቸው አይጎድልም። ራሱን የሚጠላ ሰው ግን አገልግሎ ምስጋና ይጠብቃል፤ ካላገኘ ያኮርፋል። ስንት የመዘምራን ክፍል በኩርፊያ ተበትኗል! ጳውሎስም «ከሐዋርያት ሁሉ የማንስ ነኝ» ባለበት አፉ «ከሁላቸው ይልቅ ደከምሁ» ብሏል፤ ድካሙን ግን ለጸጋው ሰጠ (1ኛ ቆሮንቶስ 15፥9-10)። መንፈሳዊ ብስለት የምለው ይህን ነው።

የአምስት ኪሎ ተማሪ፦ እኛ ግቢ ፈተና የወደቀ ልጅ እግዚአብሔርም የጣለው ይመስለውና ከግቢ ጉባኤ፣ ከተማሪዎች መንፈሳዊ ማኅበር፣ ይቀራል። «ትችላለህ» የሚለው ንግግር አያነሣውም፤ ሞክሮ አልቻለማ። «ብትወድቅም ልጁ ነህ» ያሉት ግን ተመልሶ ይመጣል።

ጋሼ ከፒያሳ፦ ትምህርቱ ይህ ከሆነ አልቃወምም። አሠልጣኝ ከውጭ ተከራይቶ ይምጣ ከተባለ ግን አሁንም እምቢ ነኝ። ልጆቹን የሚያውቅ፣ ራሱም ንስሐ አባት ያለው ሰው ያስተምር።

የካዛንቺሷ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ሴት መምህራንም ይኑሩበት። ያቺ ልጅ ስለ ባሏ ለወንድ አትናገርም።